በሸክላ የታተመው ወንዝ

ኡልቫኮስኪ፣ ሜይ 24 ቀን 1954

ለምወድህ ልጄ ለኡንቶ፣

ጥፋተኛው ቶርስቲ ቬህማ ነው። ይህን ከሰላምታዬ ያስቀደምኩት፣ አንተ እዚያ ጎተንበርግ የመርከብ ብረት ስትበይድ ውለህ አልጋህ ላይ ስትጋደም ጥፋተኛው እኔ ነኝ እያልክ እንደምትብሰለሰል ስለማውቅ ነው። አንተ አይደለህም። አባትህም አይደለም፤ እሱ ላይ ሌላ ብዙ ቂም አለኝ፣ የዚህኛው ግን የእሱ አይደለም። ያ ሙዚቃ ቀማሪ ነው።

አሁን ሰላም ልበልህ። ያ ሳል ለቀቀህ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ላማችን ሙስቲኪ ወልዳለች፣ ጥጃዋ ሴት ናት፣ እንደ እናቷ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። ድንች ገና አልተከልንም፤ መሬቱ ከላይ ለስልሶ ከሥር በረዶ ነው። አባትህ ግን አልጋ ላይ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ተነሳ አይባልም። ሐኪሙ ልቡ ደክሟል አለኝና ወጣ፤ ከዚያ ዕቃ እንደረሳ ሰው ከበሩ ተመልሶ «የመጪውን በረዶ የሚያየው አይመስለኝም» ብሎ ጨመረልኝ። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ እንደ ሌሎቹ አይደለም። ና ልልህ ነው የምጽፈው። ለምን መምጣት እንዳለብህም ከሥሩ ልንገርህ። በአፌ ብሆን እጮህብህ ነበር፤ በጽሑፍ መጮህ ገና አልተማርኩም።

እጄ ቀርፋፋ ነው፣ ታገሠኝ። እርሳስ የጨበጥኩት አንተ ከሄድክ በኋላ፣ ጸጉሬ ሸብቶ እንደሆነ ታውቃለህ። በልጅነቴ ቄሱ በየቤቱ እየዞረ ንባብ ሲፈትነን ትምህርተ ሃይማኖቱን በቃሌ አንበለብልለት ነበር። አንድ ጊዜ መጽሐፉን ገልብጬ ይዤ እንኳ «ጎበዝ ሎቪሳ» ብሎኛል። የጎረቤታችን የኢዳ ልጅ፣ አስተማሪዋ፣ የብርዱን ወራት ሁሉ ወጥ ቤቴ ተቀምጣ ፊደል ባታስቆጥረኝ ኖሮ፣ ያንተን ደብዳቤዎች ዛሬም ጎረቤት እየወሰድኩ ነበር የማስነብበው፤ የቤታችንን ጉድም መንደሩ ከእኔ ቀድሞ ይሰማው ነበር።

አቶ ቬህማ መጀመሪያ የመጣ ጊዜ አንተ ትንሽ ነበርክ። በየዓመቱ በሙቀቱ ወራት የጎተራችንን ሰገነት እየተከራየ ይከርም ነበር። ቀን ቀን ወረቀቱን ይዞ ከአባትህ ጋር ወንዙ ዳርቻ ላይ ይቀመጣል። አባትህ በወጣትነቱ የሬንጅ በርሜል የጫነ ጀልባ በእነዚያ አለቶች መካከል ያወረደ፣ ጭጋግ ዓይኑን ሲጋርደው በጆሮው ብቻ የሚቀዝፍ ሰው ነው። ግን ስለ ውሃው ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩትም። ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ? ስተኛም ስነሳም እየሰማሁት!

አቶ ቬህማ ግን ጠየቀ።

«እዚህ ጋ ምን ይላል፣ ሄርማኒ?» ይለዋል ጆሮውን ወደ ውሃው ዘንበል አድርጎ።

«ይሳደባል።»

«ማንን ነው የሚሳደበው?»

«ሎቪሳን ይመስለኛል። ልብስ ስታጥብ ሳሙና ታበዛበታለች።»

እንዲህ እየተሳሳቁ ይውላሉ። ሳር የሚያጭደው ማን ነው? እኔና አንተ። አባትህ ግን ያን ያህል ደስ ብሎት አይቼው ስለማላውቅ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

ስለ ሄልሲንኪው አዳራሽ በደንብ ነግሬህ አላውቅም። ሄድን፣ ሰማን፣ መጣን ብዬ ነው የዘጋሁት። ከጦርነቱ በኋላ አቶ ቬህማ ሥራውን ሲጨርስ የባቡር ቲኬት ላከልን። አባትህ የቤተ ክርስቲያን ልብሱን ለበሰ፣ እኔ ከእህቴ የተዋስኩትን ኮፍያ ደፋሁ፣ ከፊት ወንበር አስቀመጡን። የሙዚቃው ስም «ነጭ ውሃ» ይባላል። እኔ እንደ ሠርግ ቤት ጨዋታ ያለ ነገር ነበር የጠበቅኩት። መጀመሪያ እነዚያ ቆመው የሚጫወቷቸው ግዙፍ ቫዮሊኖች ከሥር ማጉረምረም ጀመሩ፤ ልክ በረዶው ሲሰበር፣ ገና ከአልጋ ሳንነሳ በወለሉ በኩል እንደሚሰማን። የአባትህ እጅ ጉልበቴን ጨበጠ። ዋሽንቶቹ ከላይ እንደ ፍንጣቂ ተረጩ። ከዚያ ከበሮው ሲመጣ አባትህ «ቄሱ!» አለ።

ጀልባ ሁሉ ካልሰገደለት የማያሳልፈውን ያን ትልቅ አለት ማለቱ ነው። እዚያ ጋ ቀዛፊ ሁሉ ወደ ግራ እንደሚጥል ታውቃለህ። አባትህም በወንበሩ ላይ እንዳለ መላ ሰውነቱን ወደ ግራ ጣለ፤ አጠገቡ በተቀመጡት ላባ ያለው ኮፍያ ባደረጉት እመቤት ላይ።

«ጌታዬ፣ አሞዎታል እንዴ?» አሉት በሹክሹክታ።

የኛ ሰው መቼ ሹክሹክታ ያውቃል! ዕድሜውን ሙሉ ከውሃ ድምፅ በላይ ሲናገር የኖረ ነው። «አላመመኝም እመቤቴ!» አለ አዳራሹ በሙሉ እየሰማ። «እየወረድን ነው! አጥብቀው ይያዙ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። እኔ እዚያ ኮፍያ ውስጥ ገብቼ ብጠፋ በወደድኩ። ሴትየዋ ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡም። የወንበራቸውን ክንድ አጥብቀው ያዙ።

ስለዚህ ሙዚቃው መጥፎ ነበር ልልህ አልችልም። ብችል ኖሮ እንዴት ቀላል ነበር! እኔም አለቀስኩ። ልብስ የማጥብበትን ጥግ እንኳ አገኘሁት፣ ውሃው ለአፍታ የሚለሰልስበትን። መርዙም እዚያው ላይ ነው። የማይረባ ነገር ቢሆን ኖሮ አባትህ ስቆበት ወደ ጀልባው ይመለስ ነበር። ወንዛችን ኡልቫኮስኪም ዛሬ በቦታው ይኖር ነበር።

ወንዙን ገድቦ መብራት ሊያወጣ ኩባንያው በዓመቱ መጣ። ጎረቤቶቻችን ሁሉ እሺ አሉ። የኛ ዳርቻ ካልተሸጠ ግን የግድቡ አንድ ክንድ የሚያርፍበት መሬት አልነበረውም፤ አባትህ ደግሞ መሐንዲሶቹን ከግቢያችን በመቅዘፊያ አስወጥቷቸዋል። ያኔ አንተ ለውትድርና ካምፕ ስለነበርክ ቀጥሎ የሆነውን አልሰማህም። አቶ ቬህማ እንደ ልማዱ መጣ። ከአባትህ ጋር ሳውና ገቡ። እኔ ውጪ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሲታጠቡ ገላቸውን የሚመቱበትን የበርች ዛፍ ቀንበጥ አስር ነበር። በሳንቃው በኩል ሁሉም ይሰማል።

«ዛሬ ባይሆን ነገ ይዘጉታል፣ ሄርማኒ» አለ አቶ ቬህማ። «አገሩ ከጦርነት ወጥቶ መብራት የለውም።»

«በኔ ዳርቻ አይዘጉትም።»

«የሚዘጉት ውሃውን ነው። ኡልቫኮስኪ ግን ተጽፏል። እኔና አንተ ጽፈነዋል። ሰው እስካለ ድረስ ሲፈስ ይኖራል፤ ማን ይገድበዋል?»

የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ሲደፉ፣ እንፋሎቱ ሲፏጭ ሰማሁ።

«እኔና አንተ?» አለ አባትህ።

«እኔና አንተ።»

በማግስቱ ፈረመ። አቶ ቬህማን ኩባንያው ልኮት እንደሆነ፣ በገዛ እምነቱ ተናግሮት እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። በገዛ እምነቱ ይመስለኛል። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ አባትህ እሱንም በመቅዘፊያ ያባርረው ነበር። ደህና ሰው ነው የጨረሰን።

የግድቡ በር የተዘጋ ቀን አንተ ከላይ ነበርክ፣ እኛ ከታች ያየነውን አላየህም። መዘውሩን ያገር ልጅ ይያዘው ብለው ለአንተ ሲሰጡህ አንተ አልለመንካቸውም፤ ይህን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። ሙዚቀኞቹን በሳንቃ መድረክ ላይ ደርድረው «ነጭ ውሃ»ን አስጀመሯቸው። አንተ መዘውሩን ባዞርክ ቁጥር ውሃው እየሳሳ፣ ሙዚቃው እየጎላ ሄደ። መጀመሪያ ቫዮሊኖቹ አይሰሙም ነበር፤ ኋላ ከነሱ በቀር የሚሰማ ጠፋ። ከዚያ እነሱም ጨርሰው ዝም አሉ። ሰው አጨበጨበ። ልጆች በየጉድጓዱ የቀረውን ሳልሞን በእጃቸው እያፈሱ ነበር። ያ አለት፣ ቄሱ፣ እስከ እግሩ ድረስ እርቃኑን ቆሞ ነበር፤ እግር እንዳለው ያን ቀን አየሁ። አባትህ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞ ነበር። አላጨበጨበም። አቶ ቬህማ ሊያቅፈው ሲመጣ ጀርባውን ሰጥቶት ወደ ቤት ሄደ።

ያን ዕለት አባትህ ገበታ ላይ ያለህን እኔ ልደግመው አልፈልግም፣ ግን አንተ በየቀኑ እንደምትደግመው አውቃለሁ። «ልጅ የወለድኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ በር ዘጊ ነው የወለድኩት።» አንተ ሾርባህን ትተህ ተነሳህ፣ በማግስቱ የስዊድን መንገድ ጀመርክ። እኔ እንደገባኝ ልንገርህ፤ የራሱን ፊርማ መስደብ አቅቶት ነው እጅህን የሰደበው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዝምታ በምን ልመስልልህ? እኔና አባትህ አሁንም እንደ ድሮው እየጮህን ነው የምንነጋገረው። ሱቅ ስገባ ባለሱቁ «እዚሁ ነን ሎቪሳ፣ ከፊንላንድ ማዶ አይደለንም!» ይለኛል፣ ሰው ይስቃል። ጆሮዬ ደግሞ አላመነም። ድስት ስፈትግ፣ ላም ሳልብ ውሃው ሲያገሳ ይሰማኛል። ቆም ብዬ ሳዳምጥ ምንም የለም። ኢዳም እንደዚሁ ናት፤ ዳርቻው ላይ የኖርን ሁሉ እንደዚሁ ነን። አባትህ ግን እንቅልፍ ፈጽሞ ራቀው። ምግብ ቀነሰ። ቀን ቀን ደረቁ ድንጋይ ላይ ሄዶ ይቀመጥ ነበር፣ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ።

አቶ ቬህማ ይህን ሰምቶ ለገና ግራሞፎን ላከልን፣ ከነሸክላዎቹ። ወንዛችን በሸክላ ታትሞ መጣልን በለው! አባትህ ያን ዕለት ማታ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ፣ ተኛም። በዚያ ምክንያት ነው ያንን ዕቃ መጥረቢያ ያላነሳሁበት። ግን ሸክላ ትንሽ ነገር ነው፣ ወንዙን በአንድ ፊት አይችለውም። ጥቂት እንደሄደ ያልቃል፤ ተነስቼ መገልበጥ፣ እጀታውን ማዞር፣ መርፌውን ማስቀመጥ አለብኝ። የጉልበቴን ነገር ታውቃለህ።

«ምነው ቆመ?» ይላል ከአልጋው።

«ልጠምዝዘው ቆይ!»

«ቄሱ ጋ ልንደርስ ስንል ነው እኮ የምታቆሚው!»

«እንግዲህ ቀዝፈህ ድረስ! እኔ ወንዝ አይደለሁም!»

አንዳንዴ ይስቃል። አቶ ቬህማ በመጨረሻው ፖስታ ካርዱ ለንደን ላይ እንደተጫወቱትና ሰዎች ቦታውን ለማየት መምጣት እንደሚፈልጉ ጽፎልናል። መጥተው ምን ያያሉ? እኔን ሸክላ ስገለብጥ?

አሁን ወደ ባለፈው ማክሰኞ ልምጣ። ዘንድሮ በረዶው ብዙ ነበር፣ ቀለጠም በአንድ ጊዜ። አባትህ ስለሚበርደው ለብርዱ ወራት የለጠፍኩትን የመስኮቶቹን ወረቀት ገና አልላጥኩም፤ ንፋስ እንዳያስገባ በሁለቱ መስታወት መካከል የጎሰጎስኩት የዛፍ ሽበትም እንዳለ ነው፣ ቤቱ ጥርቅም ያለ ነው። ከምሳ በኋላ ሸክላውን አስቀመጥኩለት። ያን ቀን ድምፁ ከወትሮው የሞላ መሰለኝ። ቁምሳጥን ውስጥ ያሉት ስኒዎች ሲንቀጫቀጩ ሰምቼ ግራሞፎኑን ከመደርደሪያው ላይ ማንሳት አለብኝ ብዬ አሰብኩ። አንዱ ፊት አለቀ፣ ልገለብጥ ተነሳሁ፣ ማገሳቱ አልቆመም። ጆሮዬ ነው አልኩ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነዋ! ድምፁን ስሰማ አለማመን ነው የለመድኩት።

«ዛሬ አላቋረጠም» አለ አባትህ ዓይኑን እንደጨፈነ። ፊቱ ላይ ያለውን ደስታ ብታይ!

«እጄ ፈጥኖ ነው» አልኩት።

ሸክላዎቹን ሁሉ ጨረስን፣ እንደገና ጀመርን። ወደ ማታ ኢዳ በሩን በርግዳ ገባች፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል፣ ፊቷ እንደ ኮረዳ ቀልቷል።

«እናንተ ሰዎች የት ገብታችሁ ነው? እስከ ቄሱ አናት ነጭ ሆኖ ነበር እኮ! ያልማሪ ሽባው እንኳ በክራንቹ ወጣ! ሄርማኒ ሲቀር ‹አኩርፏል ተዉት› ተባለ።»

«ምኑ ነው ነጭ የሆነው?»

«ምኑ ትይኛለሽ? ኡልቫኮስኪ ነዋ! ጎርፉ በዝቶባቸው በሩን ከፈቱት። ከምሳ ጀምሮ ሲወርድ ዋለ። አሁን ገና ዘጉት። እንዴት አልሰማችሁም? ይህ ግድግዳ እኮ...»

ግራሞፎኑን አየችና አፏን ያዘች።

ልጄ፣ ወንዙ በራችን ድረስ መጥቶ ሲጣራ ዋለ፣ እኛ በውስጥ ሆነን ሥዕሉን እያየን ዋልን። ከዚህ በላይ የሚሆን ነገር አላውቅም። አባትህ ለሳምንታት ያልተነሳ ሰው በገዛ እግሩ ተነሳ። የመስኮቱን ወረቀት በጥፍሩ ላጠው፣ ሽበቱን ወለል ላይ በተነው፣ መስኮቱን ከፈተ። ከድንጋይ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ብቻ ነበር የሚሰማው። ብዙ ቆመ። ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል ሳደርግለት አልተሰማውም።

«ማን ነው የከፈተው?» አለ በመጨረሻ። ሲናገር አልጮኸም። እንደዚያ ዝቅ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«ኩባንያው ነዋ» አለች ኢዳ። «አንድ አዲስ መሐንዲስ አለ፣ የደቡብ ልጅ።»

«መጥቶ አልነገረኝም።»

«አንተን የት ያውቅሃል፣ ሄርማኒ።»

«ኡንቶ ቢሆን ይነግረኝ ነበር» አለ። «ልጄ ቢሆን ኖሮ በሩን ከመንካቱ በፊት መጥቶ ያንኳኳ ነበር። ‹አባባ ውጣ፣ ልለቀው ነው› ይለኝ ነበር።»

ኢዳ አየችኝ፣ እኔ ወለሉን አየሁ። ልጄ አለ፣ ኡንቶ። ያን ገበታ ከተነሳህበት ቀን ወዲህ ስምህን እንኳ ጠርቶ አያውቅም። ያለውን ቃል በቃል ነው ያስቀመጥኩልህ፤ አልጨመርኩበትም፣ አላሳመርኩትም። ይህኛውን ኢዳም ሰምታዋለች፣ መጥተህ ጠይቃት።

ከዚያ ወደ አልጋው መለስነው። ሸክላ ላድርግልህ ወይ ስለው ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። መስኮቱን ግን እንዳትዘጊው አለኝ፤ አሁንም ክፍት ነው፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤለት ተኝቷል። ምን እየጠበቀ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ውሃውን ከሆነ፣ ኢዳ እንደምትለው ዘንድሮ ሌላ ጎርፍ የለም። ሌላ ነገር ከሆነ አንተ ታውቃለህ።

ስለዚህ ና። ከቱርኩ ያለውን ባቡር ታውቀዋለህ። አውቶቡሱ አሁን በግድቡ ላይ ነው የሚያልፈው፤ ካስጠላህ እዚያ ስትደርስ ዓይንህን ጨፍን፣ እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው። ስትደርስ ከውጪ እንዳትጣራ፣ በሩን አንኳኳ። እንዲሰማህ እፈልጋለሁ።

እግዚአብሔር ባሕሩን ያለስልስልህ፣ እጅህን ከእሳት ይጠብቅልህ፣ በሰው አገር ክፉ አይንካህ። ደግ ሰው ከመሰለህም ሁለት ጊዜ እየው።

እናትህ ሎቪሳ

በየደብዳቤዬ ግርጌ አባትህም ሰላም ይልሃል፣ ይናፍቅሃል የሚል መስመር ታገኝ ነበር። በዚህኛው ላይ እሱን ፍለጋ ወረቀቱን አታገላብጥ፣ የለም። እሱ አፍ አለው፣ አንተ እግር አለህ። የአባትህን ሰላምታ ከእንግዲህ እኔ አልጽፍልህም።